ምዕራፍ 7፦ ከ115ቱ ሁለቱ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሰው የነከሰ ውሻ ሲሞት ወይም ሲገደል ጭንቅላቱ የሚሄደው ወደ ፓስተር ነው። ከካራ ቆሬ ይምጣ ከቤተል፣ ከአየር ጤና ይምጣ ከዘነበወርቅ፣ በድርብ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ባለቤቱ ከጠነከረም በረዶ ተደርጎበት፣ ጉለሌ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ተቋሙ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተብሎ ከተቋቋመ ወዲህ ስሙ ደጋግሞ ተቀይሯል። የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም የሚጣራው «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባለሙያው ድርብ ጓንት፣ ጭምብልና መነጽር አድርጎ የራስ ቅሉን ይከፍታል። ከአንጎል ግንድ አንድ ቁራጭ፣ ከትንሹ አንጎል ደግሞ ሌላ ቁራጭ ይወስዳል። ቁራጩን መስታወት ስላይድ ላይ ጫን አድርጎ ያነሳዋል፤ ስላይዱ ላይ የቀረችውን ስስ አሻራ ቀዝቃዛ አሴቶን ውስጥ ያቆያታል። ስትደርቅ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት ፀረ እንግዳ አካል ያንጠባጥብባትና 37 ዲግሪ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጣታል። ከዚያ አጥቦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ያያታል። ቫይረሱ ካለ፣ በጥቁሩ መደብ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከሌለ ጨለማ ነው።

አረንጓዴ ከታየ ባለሙያው «ፖዘቲቭ» ብሎ ይጽፋል። የተነከሰው ሰው ክትባቱን እንዲጨርስ ይነገረዋል፣ ሰፈሩም ይጠነቀቃል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ለተነከሰው ሰው ይህ ትክክለኛና ፈጣን መልስ ነው፤ ሕይወት ያድናል። ለበሽታው ታሪክ ግን መልሱ ጎደሎ ነው። ያ አረንጓዴ ብርሃን «ከሊሳቫይረሶች አንዱ እዚህ አለ» ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሊሳቫይረስ የሚባለው ወገን ከ15 በላይ ዓይነቶች አሉት። የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው ከእነዚህ መካከል በጣም የታወቀው ነው። የቀሩት አብዛኞቹ የተገኙት ከሌሊት ወፍ ነው፤ ውሻ አንጎል ውስጥ ቢገቡ ግን ማይክሮስኮፑ ሥር ሁሉም ያው አረንጓዴ ናቸው።

ይህን ክፍተት ያሳየው ተሾመ መባጽዮን የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የቫይረስ ናሙናዎችን ጀርመን ከሚሠሩ ባልደረቦቹ ጋር አንድ በአንድ መረመረ። ሁሉም ቀድሞውኑ «ፖዘቲቭ» የተባሉ፣ ማንም ዳግመኛ ሊያያቸው ምክንያት ያልነበረው ናሙናዎች ነበሩ። እሱ የተጠቀመው ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ሞኖክሎናል የሚያውቀው የቫይረሱን አንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹን ደርድሮ የትኛው ያዘ፣ የትኛው አልያዘም ብሎ ማየት የቫይረሱን ማንነት ያወጣል። ውጤቱ በ1992 ታተመ። ከ115ቱ ሁለቱ የታወቀው የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አልነበሩም። አንደኛው ከድመት የተገኘ ሞኮላ ቫይረስ ነው፤ ሌላው ከውሻ የተገኘ የላጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ።

ተሾመ በኋላ እዚያው ጀርመን የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ዘረመል እንደፈለጉ መልሶ የመገንባት ጥበብን ካስፋፉት አንዱ ሆኗል። በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር የኤችአይቪ ተጠቂ ሴሎችን ብቻ እንዲያጠቃ አድርጎ ቫይረሱን ለውጦታል። ሥራው በዓለም አቀፍ ደረጃ ብዙ የተጠቀሰለት በዚህ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ያ የ115 ናሙና ሥራ ነው። ያለቀ የተባለን መልስ እንደገና ለመጠየቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ምርመራው ያልጠየቀውን መጠየቅ ደግሞ ከትዕግሥትም በላይ ነው።

ሞኮላ በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ ያለ ሰፈር ነው። ቫይረሱ በ1968 እዚያ ተገኘ፤ አፍንጫዋ የሾለ፣ አይጥ የምትመስል ነገር ግን ነፍሳት የምትበላ ትንሽ እንስሳ ውስጥ ነበር። ዋና መኖሪያው የት እንደሆነ እስካሁን ያገኘ የለም፤ ሌሊት ወፍ ውስጥም ተገኝቶ አያውቅም። የላጎሱ ታሪክ ግን ጠራ ያለ ነው። በ1956 ላጎስ ደሴት ላይ ከተያዙ፣ ገለባ በሚመስል ቢጫ ጠጉራቸው ከሚታወቁ ትልልቅ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች አንጎል ውስጥ ተገኘ። የሚያስገርመው፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ጋር ዝምድና እንዳለው የታወቀው በ1970 ነው። ለ14 ዓመታት ስም ተሰጥቶት፣ ወገኑ ሳይታወቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል።

እንግዲህ ላጎስ የተገኘበት የኢትዮጵያው ውሻ ያን ቫይረስ ከውሻ ያገኘው አይመስልም። ላጎስ ቫይረስ ከውሻ ወደ ውሻ ሲዞር አልታየም፤ ቤቱ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ውሻው የመንገዱ መጨረሻ ነበር። የታመመች የሌሊት ወፍ መብረር ያቅታታል፣ ከዛፍ ሥር ትወድቃለች፣ መሬት ላይ ትንፈራገጣለች፤ ለውሻ ደግሞ ይህ የተገኘ ሥጋ ነው። ውሻ ጎዳና ላይ በሚያድርበት፣ ቆሼን በመሰለ የቆሻሻ ክምር ላይ መንጋ ሆኖ በኖረበት ከተማ ይህ መንገድ ጠባብ አይደለም።

እዚህ ላይ የኮልፌ ነዋሪ ማታ አምፖል ሥር የሚያያትን የሌሊት ወፍ ከዚህ ታሪክ መለየት ይገባል። በየቆርቆሮው ሥር የሚያድሩትና ብርሃን የሚያዞራቸው በአብዛኛው ነፍሳት በሎች ናቸው፤ ትንኝና የእሳት እራት የሚለቅሙ። ፍሬ በሏ ሌላ ናት። ፊቷ የቡችላ ፊት ነው፤ ዓይኗ ትልቅ፣ ጆሮዋ ቀላል፣ ጭራዋ የለም ከማለት አይሻልም፤ ከአውራ ጣቷ ሌላ ሁለተኛ ጣቷም ላይ ጥፍር አላት። ነፍሳት አታሳድድም፤ ሾላ፣ ዋርካ፣ ዘይቱን፣ ማንጎ ነው ፍለጋዋ። በአገራችን የተለያዩ ዓይነቶች አሉ። አንዷ ወንዱ ትከሻው ላይ ነጭ የጠጉር ጉንጉን ያለው ዓይነት ናት። ሌላዋ በዋሻ የምትኖረው የግብጽ ፍሬ በል ናት፤ ምላሷን እያጮኸች በጨለማ መንገዷን ትፈልጋለች። ቢጫዋ ትልቋም ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዝግባለች።

ታዲያ የሌሊት ወፎቹ እንዴት ይጠየቃሉ? ገድሎ አንጎል መክፈት አንድ መንገድ ነው፤ የድሮዎቹ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። ግን ከሺህ የሌሊት ወፍ በአንድ ቀን ቫይረሱ አንጎሏ ውስጥ ያለ ማግኘት ብርቅ ነው። የተሻለው ጥያቄ «አሁን ታመሻል?» ሳይሆን «አግኝቶሽ ያውቃል?» የሚለው ነው። የዚህ መልስ ደም ውስጥ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ፍሬ ባፈራ ዛፍ አጠገብ ጸጉር የሚያህል ክር ያለው መረብ በሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ይወጠራል። ሠራተኞቹ ሁሉ አስቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰዱና ደማቸው ተለክቶ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ የተገኘባቸው መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ መረቡን እንዳይነኩ። የሌሊት ወፏ ስትያዝ በቆዳ ጓንት ትፈታለች፣ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፣ ትመዘናለች፣ የክንድ አጥንቷ ይለካል፣ ፆታዋና ዕድሜዋ ይጻፋል። አንድ ሰው ጭንቅላቷን በሁለት ጣት ይይዛል፣ ሌላው ክንፏን ይዘረጋል። ክንፉ ሲዘረጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ነው፤ በክርኑ አጠገብ የምታልፈው ደም ሥር በባትሪ መብራት ሥር ሰማያዊ መስመር ሆና ትታያለች። በቀጭን መርፌ ትወጋለች፤ ጠብታው ሲያብጥ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሳባል። የሚወሰደው ከክብደቷ ከመቶ አንድ አይበልጥም፤ 50 ግራም የምትመዝን ከሆነች ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ጠብታ አይወሰድም። ጥጥ ተጭኖ ደሙ ይቆማል፤ አፏ በጥጥ ዘንግ ይጠረጋል፤ ስኳር ውሃ ትቀምሳለች፤ በተያዘችበት ቦታ ትለቀቃለች።

ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚንሳፈፈው ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ ይለያል። 56 ዲግሪ ላይ ለግማሽ ሰዓት ይሞቃል፤ ይህ ምርመራውን የሚረብሹ ሌሎች የደም ነገሮችን ያጠፋል። ቀጥሎ ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ በየጉድጓዱ ሦስት እጥፍ እየቀጠነ ይደረደራል፤ ልኩ የታወቀ ሕያው የላጎስ ቫይረስ በየጉድጓዱ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ሴሎች። ሁለት ቀን ያህል 37 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ከዚያ ያው አረንጓዴ ቀለም፣ ያው ጨለማ ክፍል። አሁን ግን ንባቡ ተገልብጧል። አረንጓዴ ከበራ ቫይረሱ ሴሉን አጥቅቷል፤ ሴረሙ ሊያስቆመው አልቻለም፤ የሌሊት ወፏ ቫይረሱን አታውቀውም። ጨለማ ከሆነ ደሟ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን አፍኖታል። ጨለማ ጉድጓድ ያገኘ ተመራማሪ ደስ ይለዋል፤ የፓስተሩ ባለሙያ ግን አረንጓዴ ሲያይ ነው ብዕሩን የሚያነሳው።

ምርመራው ወጥመዶች አሉት። ግልገል የሌሊት ወፍ ፀረ እንግዳ አካሉን ከእናቱ ወርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወራት ሲያልፉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዕድሜ መጻፉ ለወግ አይደለም። ወፍራም ሴረም ራሱ ሴሎቹን ሊመርዝና ንባቡን ሊያበላሽ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላጎስ፣ ሞኮላና ኬንያ ውስጥ በ2009 የተገኘው ሺሞኒ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለአንዱ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ሌላውንም ሊያፍን ይችላል። ሴረም የሚነግረን ሰፈሩን እንጂ የቤት ቁጥሩን አይደለም።

በጋናና በኬንያ የሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ሲያደርጉ ያገኙት ማንንም ያስደነግጣል። በ2008 በታተመው የጋና ጥናት ከቢጫዎቹ ትልልቅ ፍሬ በሎች 37 በመቶ ለላጎስ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። በዚያው ዓመት በታተመው የኬንያ ጥናት ከ25 ቦታዎች 1,221 የሌሊት ወፎች ተይዘው ሲመረመሩ፣ እንደየመንጋው ከቢጫዎቹ ከ40 እስከ 67 በመቶ፣ ከግብጽ ፍሬ በሎች ደግሞ ከ29 እስከ 46 በመቶ ተጋልጠው ተገኙ። ይህን ሁሉ ካገኙበት ናሙና ሕያው ቫይረስ የወጣው ከአንዲት የሞተች የሌሊት ወፍ ብቻ ነው።

የተጋለጡት ብዛትና ያቺ አንዲት አብረው መነበብ አለባቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት የታየበት ውሻ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ፀረ እንግዳ አካል ለማዘጋጀት እንኳ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ለዚህ ነው ውሻን ደም ወስደን የማንመረምረው። የሌሊት ወፍ ውስጥ ግን ከአሥር አራትና አምስቱ ተገናኝተውት በሕይወት አሉ። ቫይረሱ ሁሉንም ቢገድል ኖሮ ዛፉ ላይ የሚመረመር አይቀርም ነበር። በዚያው የኬንያ ጥናት አንጎላቸው ያልተያዘ የሌሊት ወፎች አፋቸው ሲጠረግ የቫይረስ ዘረመል አልተገኘባቸውም። የተጋለጠችና የታመመች አንድ አይደሉም፤ ደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባት የሌሊት ወፍ ምራቋ ውስጥ ቫይረስ አላት ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ያልለየ ዜና አንድ ቀን ጠዋት «40 በመቶ የሌሊት ወፎች በእብድ ውሻ በሽታ ተይዘዋል» ብሎ መጻፉ አይቀርም፤ ሰፈሩም ዱላ ይዞ ይወጣል።

ዱላው ምን እንደሚያደርግ ኡጋንዳ አይታዋለች። ኪታካ በሚባል የማዕድን ዋሻ ሠራተኞች በማርበርግ ቫይረስ ከታመሙ በኋላ በዋሻው የነበሩት ፍሬ በሎች በ2008 ገደማ ተጨፈጨፉ። ዋሻው እንደገና ሲሞላ፣ የገቡት ቫይረሱን የማያውቁ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሲመረመሩ በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ከቀድሞው በእጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ማርበርግ በ2025 መጨረሻ ጂንካ ላይ ስለተከሰተ፣ ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም።

በኬንያ የተገኘው ቫይረስ ሌላም ነገር ተናግሯል። ዘረመሉ በ1985 ሴኔጋል ውስጥ ከተገኘው፣ እንዲሁም በ1999 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከቶጎ ወይም ከግብጽ የገባች የሌሊት ወፍ ውስጥ ከተገኘው ጋር በአንደኛው ፕሮቲን 100 በመቶ አንድ ነበር። ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካ በሌሊት ወፍ ክንፍ ተገናኝተዋል። ቢጫዋ ፍሬ በል በዓመት ውስጥ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። የኢትዮጵያው ውሻ ያገኘው ቫይረስ «የእኛ ነው ወይስ የጎረቤት?» የሚለው ክርክር ለዚህ እንስሳ ትርጉም የለውም።

ክትባቱስ? እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጠቀመችው ፓስተር ውስጥ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን የፌርሚ ዓይነት ክትባት ነበር፤ የዛሬዎቹ አባቶችና እናቶች በየቀኑ ለ14 ቀናት ሆዳቸው ላይ የተወጉት እሱን ነው። አሁን ያለው በሴል ላይ የሚዘጋጀው ክትባት እጅግ የተሻለና ጥቂት መርፌ ብቻ የሚፈልግ ነው። ሁለቱም ግን የተሠሩት ከአንድ ዓይነት፣ ከታወቀው የእብድ ውሻ ቫይረስ ነው። ላጎስና ሞኮላ ከእሱ የራቁ ስለሆኑ ክትባቱ በእነሱ ላይ ያለው መከላከል ደካማ ነው ወይም የለም። ዚምባብዌ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተከተቡ እንስሳት ሳይቀሩ በሞኮላ ሞተዋል።

ይህ ማለት ግን የሌሊት ወፍ የነከሰችው ሰው ክትባት አይጠቅመውም ማለት አይደለም። በ2007 ኬንያ ውስጥ የሌሊት ወፍ ፊቷን የቧጠጠቻት አንዲት ሆላንዳዊት ሴት ክትባት ሳትወስድ ቀርታ አገሯ ተመልሳ ሞተች። የገደላት ዱቨንሄግ የሚባለው ሊሳቫይረስ ነበር፤ እሱ ለእብድ ውሻ ቫይረስ ቅርብ ስለሆነ ክትባቱ ይሠራበታል። ነካሹ የትኛውን ቫይረስ እንደያዘ ቁስሉን አይቶ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በላጎስ ቫይረስ መሞቱ የተረጋገጠ ሰው እስካሁን የለም፤ በአንጻሩ በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 2,700 ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ገዳዩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። የኮልፌ እናት ልጇን ልትጠብቀው የሚገባት ከውሻው ነው፤ ለዚህ ምዕራፍ ሲባል ይህ እንዳይረሳ።

የሌሊት ወፍ ጉዳይ አገራችን ውስጥ የማን ሥራ እንደሆነ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ያ የልጅነት ተረት ነው፤ ወፎች ግብር ሲሰበስቡ «አይጥ ነኝ»፣ አይጦች ሲሰበስቡ «ወፍ ነኝ» ብላ ያመለጠችው። የሰው በሽታ የጤናው ነው፣ ፓስተር አለ። የከብትና የውሻ በሽታ የግብርናው ነው፣ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የዱር እንስሳው ደግሞ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የሌሊት ወፍ ለሦስቱም ጥቂት ጥቂት ትደርሳቸዋለች፤ ለአንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አትደርስም። ካርታውን ላየ ደግሞ ኮልፌ ቀራንዮ በጉለሌና በሰበታ መሐል ነው፤ ወደ ሰበታ የሚወስደው የጅማ መንገድ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ በኩል አቋርጦት ያልፋል።

መረብ ከመወጠር በፊት ሊሠራ የሚችል ቀላል ሥራ አለ፤ ተሾመ ያደረገው ዓይነት። ዛሬ ሞኖክሎናል ደርድሮ ማነጻጸር አያስፈልግም። ከአንጎል ቁራጭ የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን የሚያዝዝ ዘረመል ጥቂት መቶ ፊደል ማንበብ ማንነቱን ይነግራል። ይህን የሚያነቡት ማሽኖች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ በኮቪድ ዘመን ፓስተርም፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም የቫይረስ ዘረመል ሲያነቡ ነበር። በየዓመቱ «ፖዘቲቭ» ከሚባሉት የውሻና የድመት ጭንቅላቶች የተወሰኑት ቢነበቡ፣ አብዛኞቹ የታወቀው ቫይረስ ይሆናሉ። አንዱ ላጎስ ሆኖ ከወጣ ግን የውሻው ባለቤት አድራሻ መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው መረብ የሚወጠረውም ለዚያ ቤት ቅርብ በሆነው ሾላ ላይ ነው።